በወረርሽኝ ወቅት የነፍሰ ጡር እናቶች ጭንቀትና ውጥረት፦ ምንነቱ፣ አያያዙና የቤተሰብ ድርሻ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ክፍል የተዘጋጀው ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለባለቤቶቻቸው፣ አብረዋቸው ለሚኖሩ የቤተሰብ አባላትና ለጎረቤቶቻቸው ነው። አንባቢው ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ፦

• ጭንቀት በነፍሰ ጡር እናት አካልና አእምሮ ላይ የሚያሳየውን ምልክት ይገነዘባል፤
• የተለመደውን ጭንቀት የባለሙያ እርዳታ ከሚያስፈልገው ይለያል፤
• ጭንቀት የሚመስሉ፣ ነገር ግን አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ የአደጋ ምልክቶችን ያውቃል፤
• ጭንቀትን በቤት ውስጥ ለማቃለልና የእርግዝና ክትትልን ሳያቋርጡ ከበሽታው ለመጠበቅ የሚያስችሉ እርምጃዎችን ይወስዳል።

መግቢያ

እርግዝና በማኅበረሰባችን ዘንድ የምሥራች ነው። ቤተሰብ በተስፋ የሚጠብቀው፣ ጎረቤት በምርቃት የሚያጅበው ወቅት ነው። ይሁንና በደህናውም ጊዜ ቢሆን ነፍሰ ጡር እናት ስለ ፅንሱ ጤንነት፣ ስለ ምጡና ልጅ ሲጨመር ስለሚከብደው ኑሮ ማሰቧ አይቀርም። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ደግሞ በዚህ የተለመደ ሐሳብ ላይ ሌላ ሸክም ተጨምሮ ነበር። «በሽታው ቢይዘኝስ? ፅንሱን ይጎዳው ይሆን? ለክትትል ጤና ጣቢያ ብሄድ ከዚያ ይዤው ብመለስስ? የምወልድበት ቀን ሲደርስ ማን ከጎኔ ይሆናል?» የሚሉ ጥያቄዎች በብዙ እናቶች ልብ ውስጥ ይመላለሱ ነበር።

እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ የሚያሳፍሩም አይደሉም። ችግር የሚፈጠረው ጥያቄዎቹ መልስ ሳያገኙ በሆድ ሲቀሩ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቻል በባህላችን እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። በእርግዝና ወቅት ግን ሆድ ያመቀው ጭንቀት እንቅልፍ ይነሳል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከሁሉም በላይ እናቲቱን ከጤና ባለሙያ ያርቃታል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ማለታቸው ለአካል ሕመም ብቻ ሳይሆን ለጭንቀትም ይሠራል።

አንዲት እናት እናስብ

ቀጥሎ የቀረበው የአንዲት የተለየች ሴት ታሪክ አይደለም። በወረርሽኙ ወቅት ብዙ እናቶች የሚገጥማቸውን ሁኔታ በአንድ ላይ ለማሳየት ለትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለተኛ ልጇን ትጠብቃለች። ባለቤቷ የታክሲ ሹፌር ስለሆነ በየቀኑ ከብዙ ሰው ጋር ውሎ ማታ ይመለሳል። እርሷ ቀኑን ሙሉ ስለ ወረርሽኙ በቴሌቪዥንና በስልኳ የሚመጣውን ወሬ ትከታተላለች፤ ሌሊቱን ደግሞ ዓይኗ ሳይከደን ያድራል። አንዲት ጎረቤቷ «በሽታው ያለው ጤና ጣቢያ ነው» ስላለቻት የቀጠሮዋን ቀን አሳልፋለች። ከሦስት ቀን ወዲህ ጭንቅላቷን አጥብቆ ያማታል፤ አንዳንዴም ዓይኗን ብዥ ይልባታል። አማቷ «ልጄ፣ ሐሳብ ስለምታበዢ ነው፤ አይዞሽ፣ ያልፋል» እያሉ ያጽናኗታል። እርሷም እውነት መስሏት ጭንቀቷን ለባለቤቷ እንኳ ሳትናገር ትቀመጣለች።

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት ስትዞር ደርሳ «ራስ ምታቱ ከጀመረሽ ስንት ቀን ሆነው? ዓይንሽስ?» ብላ ጠየቀቻት። መልሱን እንደሰማች ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ አደረገች። በተደረገላት ምርመራ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ በሽንቷም ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ሕክምናም ተጀመረላት።

ይህ ምሳሌ ሁለት ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያው፣ የእናቲቱ ፍርሃት መሠረት ነበረው፤ በሽታውን መፍራቷ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ፍርሃቱ ሊጠብቃት ከሚችለው ቦታ እንድትሸሽ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው፣ በእርግዝና ወቅት የሚሰማን ሕመም ሁሉ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። የዚህ ትምህርት ዋና መልእክትም ይኸው ነው፦ ጭንቀትዎን ይናገሩ፤ ክትትልዎን አያቋርጡ።

ጭንቀትና ውጥረት በአካላችን ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

ሰው አደጋ እንደመጣበት ሲያስብ አካሉ ራሱን ለመከላከል ይነሳሳል። አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጡንቻዎች ይወጠራሉ፤ የምግብ መፈጨት ይዛባል። ይህ የተፈጥሮ ጥበቃ ነው። አደጋው ሲያልፍ አካል ወደ ነበረበት እርጋታ ይመለሳል። ወረርሽኝ ግን በአንድ ቀን የሚያልፍ አደጋ አይደለም። ሥጋቱ ሳምንታትና ወራት ሲቆይ አካልም ሳያርፍ እንደተነሳሳ ይቆያል። ድካም፣ ብስጭት፣ የእንቅልፍ እጦትና ትኩረት ማጣት የሚከተሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በእርግዝና ላይ ደግሞ ሁኔታው ይበልጥ ይወሳሰባል። የሆርሞኖች ለውጥ ስሜትን በቀላሉ ይቀያይራል። የማቅለሽለሽ ስሜት፣ የወገብ ሕመምና ቶሎ ቶሎ ለሽንት መነሳት እንቅልፍን ያቋርጣሉ። በዚህ ላይ የገቢ መቀነስ፣ የልጆች ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ዘመድ ለመጠየቅና ለቅሶ ለመድረስ አለመቻል ሲጨመር ሸክሙ ይከብዳል።

ብዙ እናቶች «ጭንቀቴ ልጄን ጎድቶት ይሆናል» ብለው ተጨማሪ ጭንቀት ውስጥ ይገባሉ። በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያጋጥም መጠነኛ ሐሳብና ፍርሃት ፅንሱን ይጎዳል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የቆየና ሕክምና ያላገኘ ከባድ ጭንቀት ወይም ድብርት ያለጊዜው ከመውለድና ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር ተያይዞ ይታያል። ከባድ ጭንቀት ያለባት እናት በሚገባ አለመመገቧ፣ አለመተኛቷና ክትትሏን ማቋረጧም ለጉዳቱ በር ይከፍታል። ስለዚህ እርዳታ መፈለግ ለራስም ለልጅም የሚደረግ እንክብካቤ እንጂ የደካማነት ምልክት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ100 ነፍሰ ጡር እናቶች 10 ያህሉ፣ ከወለዱት ደግሞ 13 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት ያጋጥማቸዋል። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ቁጥሩ በእርግዝና ወቅት ወደ 16፣ ከወሊድ በኋላ ወደ 20 ከፍ ይላል። ይህን ስሜት ያየች እናት ብቻዋን እንዳልሆነች ልታውቅ ይገባል።

የተለመደው ጭንቀትና የባለሙያ እርዳታ የሚፈልገው ጭንቀት

የተለመደ ጭንቀት ይመጣል፤ ይሄዳል። ከሰው ጋር ሲጫወቱ፣ ሥራ ሲሠሩ ወይም መልካም ዜና ሲሰሙ ይቀላል። የዕለት ተግባርን አያስተጓጉልም። ከዚህ ቀጥሎ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አብዛኞቹ በየቀኑ ማለት በሚቻል ሁኔታ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ግን ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል፦

• መቆጣጠር የማይቻል የማያባራ ሥጋትና ፍርሃት፤
• ቀድሞ ያስደስት የነበረ ነገር ሁሉ ደስታ ማሳጣቱ፣ ጥልቅ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ፤
• ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ መነጫነጭ ወይም ከሰው መራቅ፤
• አመቺ ሁኔታ እያለም መተኛት አለመቻል ወይም ከልክ በላይ መተኛት፤
• የምግብ ፍላጎት መጥፋት፤
• ራስን እንደማይረባ ሰው ወይም እንደ ጥፋተኛ መቁጠር፤
• እጅን ደጋግሞ በመታጠብና ቤትን በማጽዳት ቀኑን ሙሉ መጠመድ።

ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ለሌላው ሰው የማይሰማ ድምፅ የሚሰማ ወይም የማይታይ ነገር የሚታይ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። እናቲቱን ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ጭንቀት የሚመስሉ የአደጋ ምልክቶች

ራስ ምታት፣ የልብ መምታትና የትንፋሽ ማጠር በጭንቀት ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ። ነገር ግን ሌላ ከባድ ሕመምም ሊያስከትላቸው ይችላል። በተለይ ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ የሚከሰት የደም ግፊት መጨመር ለእናትም ለፅንስም አደገኛ ነው። ችግሩ ቀድሞ የሚታወቀው የደም ግፊት በመለካትና ሽንት በመመርመር ስለሆነ እናት «ደህና ነኝ» ብላ ክትትሏን መተው የለባትም። የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ በጭንቀት ሳያሳብቡ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• ከባድና የማያቋርጥ ራስ ምታት፤
• የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ ማየት፤
• የፊትና የእጅ እብጠት፤
• ከእምብርት በላይ የሚሰማ ከባድ ሕመም፤
• መንዘፍዘፍ ወይም ራስን መሳት፤
• ከማሕፀን ደም መፍሰስ ወይም የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፤
• የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም፤
• ትኩሳት፤
• ባረፉበት ጊዜ እንኳ የማይሻል የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም፤
• የአንድ እግር ማበጥና መቅላት ከሕመም ጋር።

ጭንቀትን ማቃለያ መንገዶች

1. ወሬን መመጠን፦ ስለ ወረርሽኙ መረጃ ማግኘት ጠቃሚ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መስማት ግን ጭንቀትን ይመግባል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለአጭር ሰዓት፣ ከታወቀ ምንጭ ብቻ ይከታተሉ። ከመተኛትዎ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ከዜና ነፃ ያድርጉት። ሰው በስልክ የላከልዎትን ያልተረጋገጠ ወሬ ለሌላ አያስተላልፉ። ጥያቄ ካለዎት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውለው ይጠይቁ።

2. ሐሳብን በሁለት መክፈል፦ የሚያስጨንቅዎትን ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ መጻፍ ካልቻሉ ለሚያምኑት ሰው እየነገሩ ያስጽፉ። ከዚያም «በእኔ እጅ ያለ» እና «ከእኔ እጅ ውጭ የሆነ» ብለው ይለዩት። ወረርሽኙ መቼ እንደሚያበቃ ማወቅ ከእጅዎ ውጭ ነው። እጅን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ከሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ፣ ቀጠሮን ማክበርና ለወሊድ መዘጋጀት ግን በእጅዎ ናቸው። ለእያንዳንዱ በእጅዎ ላለ ጉዳይ አንድ ትንሽ ተግባር ይመድቡ። ተግባር ሲጀመር ፍርሃት ቦታ ይለቃል።

3. የአተነፋፈስ ልምምድ፦ ጀርባዎን ደግፈው ይቀመጡ ወይም በጎንዎ ይተኙ። አንድ እጅዎን በሆድዎ ላይ ያኑሩ። በአፍንጫዎ አየር በዝግታ እያስገቡ እስከ 4 ይቁጠሩ። ከዚያም በአፍዎ በዝግታ እያስወጡ እስከ 6 ይቁጠሩ። ትንፋሽዎን አፍነው አይያዙ። ይህን ለ5 ደቂቃ ያህል ጠዋትና ማታ፣ እንዲሁም ጭንቀት በመጣ ቁጥር ይድገሙት። ማዞር ከተሰማዎት አቁመው እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ። ይህን የለመደች እናት በምጥ ጊዜም ትጠቀምበታለች።

4. እንቅልፍና እንቅስቃሴ፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለመተኛትና ለመነሳት ይሞክሩ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በጎን መተኛት ይመረጣል። ባለሙያ ካልከለከለዎት በግቢዎ ወይም ሰው በማይበዛበት ስፍራ በየቀኑ ጥቂት የእግር ጉዞ ያድርጉ። መራመድ ውጥረትን ያላላል፤ እንቅልፍንም ያመጣል። ከባድ ሸክም ማንሳትና ውሃ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መሄድ ግን እንደ እንቅስቃሴ አይቆጠርም፤ ለሌላው የቤተሰብ አባል ይተው።

5. ምግብና መጠጥ፦ ጭንቀት የምግብ ፍላጎት ከቀነሰ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ይልቅ ትንሽ ትንሽ ደጋግመው ይመገቡ። ከተገኘው ሁሉ ማመጣጠን ይቻላል፦ እንጀራ ከምስር ወይም ከሽሮ ወጥ ጋር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ በየወቅቱ የሚገኝ ፍራፍሬ። ቡና በባህላችን የመገናኛና የመጨዋወቻ ምክንያት ቢሆንም ሲበዛ የልብ ምትን ያፋጥናል፤ እንቅልፍንም ይነሳል። ስለዚህ ይቀንሱ፤ ከቀትር በኋላም ባይጠጡ ይመረጣል። ከጤና ተቋም የተሰጠዎትን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ከቡናና ከሻይ አራርቀው ይውሰዱ፤ ቡናና ሻይ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉና። ጭንቀትን ለመርሳት ተብሎ የሚወሰድ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ጫትና ሲጋራ ፅንሱን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይውሰዱ።

6. ከሰው ጋር መገናኘት፦ መራራቅ የአካል እንጂ የልብ አይደለም። የቡና ጎረቤት በደጅ፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ፣ ተራርቀው ተቀምጠው ሊጨዋወቱ ይችላሉ። ሩቅ ካለች እናት ወይም እህት ጋር በስልክ ማውራት ልብን ያሳርፋል። እምነት ላላቸው እናቶች በቤት የሚደረግ ጸሎት ወይም ዱዓ ትልቅ መጽናኛ ነው።

7. የተጀመረ መድኃኒትን አለማቋረጥ፦ ከእርግዝና በፊት ለድብርት፣ ለጭንቀት ወይም ለሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስዱ ከነበረ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። ለፅንሱ የሚስማማውን ሐኪም ይወስናል። ጸበል የሚጠቀሙ እናቶችም መድኃኒታቸውን ጎን ለጎን መውሰድ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የእርግዝና ክትትልን ሳያቋርጡ መጠበቅ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ባለሙያ ጋር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትገናኝ፣ የመጀመሪያው ግንኙነትም እርግዝናው 12 ሳምንት ሳይሞላው እንዲሆን ይመከራል። ወረርሽኝ ይህን አስፈላጊነት አይቀንሰውም። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በነፃ ስለሚሰጥ የገንዘብ ሥጋትም ሊያስቀር አይገባም።

ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ከተቻለ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ሰዓቱን ያረጋግጡ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። አንድ አጃቢ ብቻ ይዘው ይሂዱ። በተጨናነቀ ታክሲ ከመሳፈር ቀደም ብለው ተነስተው ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይጓዙ። በመቆያ ቦታ ተራርቀው ይቀመጡ። ሲገቡም ሲወጡም እጅዎን ይታጠቡ። ሳል፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለብዎት አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ፤ ለብቻ ያስተናግዱዎታል እንጂ አይመልሱዎትም።

በኮቪድ-19 የተያዘች ነፍሰ ጡር በጽኑ የመታመም ዕድሏ ከፍ ሊል ስለሚችል ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ያገግማሉ። በበሽታው መያዝ ብቻውን በቀዶ ሕክምና ለመውለድ ምክንያት አይሆንም። በበሽታው የተያዘች እናትም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጋ፣ እጇን ታጥባ፣ ልጇን ልታቅፍና ጡት ልታጠባ ትችላለች፤ የጡት ወተት ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ የላቀ ነውና። «ቢይዘኝ ልጄን ይለዩብኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙ እናቶችን ስለሚያስጨንቅ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

የወሊድ ዝግጅት የጭንቀት መድኃኒት ነው

ያልታወቀ ነገር ያስፈራል፤ የታቀደ ነገር ግን ይቀላል። ከባለቤትዎና ከቤተሰብዎ ጋር ተቀምጠው ለሚከተሉት ጥያቄዎች አሁኑኑ መልስ ይስጡ፦

• የት ነው የምወልደው? ቤቴ ከጤና ተቋም ሩቅ ከሆነ በእናቶች ማቆያ ቀድሜ መቆየት እችላለሁ?
• ምጥ በሌሊት ቢመጣ በምን እሄዳለሁ? የአካባቢው አምቡላንስ ስልክ ተጽፏል? (የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።)
• አብሮኝ የሚሄደው ማን ነው? እርሱ ቢታመም ተተኪው ማን ነው?
• ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን ይይዛል?
• ለድንገተኛ ወጪ ስንት ብር ተቀምጧል?
• ደም ቢያስፈልግ ማን ይለግሳል?
• የሕፃኑ ልብስ፣ የእኔ መቀየሪያ፣ ሳሙናና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ በአንድ ቦርሳ ተዘጋጅተዋል?

የዚህ ዕቅድ ወረቀት በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ እናቲቱ ብቻ ሳትሆን ቤቱ ሁሉ ይረጋጋል።

የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድርሻ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው የነፍሰ ጡር ጭንቀት በአንድ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ይከብዳል፤ ሲካፈሉት ይቀላል።

ባለቤት፦ ከውጭ ሲገቡ መጀመሪያ እጅዎን ታጥበው፣ ልብስዎን ቀይረው ወደ ባለቤትዎ ይቅረቡ። ይህ ከበሽታው ከመጠበቁም በላይ «ያስብልኛል» የሚል እርጋታ ይሰጣታል። ስትናገር ሳያቋርጡ ያዳምጡ። «ይህም ሐሳብ ሆኖ!» ከማለት ይልቅ «ምን ላግዝሽ?» ብለው ይጠይቁ። የቤት ሥራውን ይካፈሉ፤ የቀጠሮዋን ቀን ያስታውሱ፤ አብረዋትም ይሂዱ።

እናትና አማት፦ ልምዳችሁ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ምጥ ስለጸናባትና ስለሞተች ሴት የሚተረክ ወሬ የነፍሰ ጡርን እንቅልፍ ይነሳል። ያበረታችሁንና በሰላም የተገላገላችሁበትን ንገሯት። ሕመም ስትናገር «ሐሳብ ነው» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ከላይ የተዘረዘሩትን የአደጋ ምልክቶች አስታውሱ።

ጎረቤትና የሴቶች ልማት ቡድን፦ በወረርሽኝ ምክንያት ቤት የዋለችን ነፍሰ ጡር በየጊዜው ጠይቋት። ገበያ ስትሄዱ የሚያስፈልጋትን አምጡላት። በበሽታው የተያዘን ወይም በለይቶ ማቆያ የቆየን ቤተሰብ ማግለል ሕመሙን ያስደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ ሁሉንም ያዳርሳል።

በቤት ውስጥ ድብደባ ወይም ማስፈራራት የሚደርስባት እናት ጭንቀቷ በትንፋሽ ልምምድ ብቻ አይፈታም። ለምታምነው ሰውና ለጤና ባለሙያ ትንገር። የነገረችው በምስጢር ይያዛል። በአንዳንድ ሆስፒታሎች የሕክምና፣ የምክርና የሕግ ድጋፍ በአንድ ስፍራ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉ፤ ባለሙያው ወደዚያ ይመራታል።

ከወሊድ በኋላ

ጭንቀት በወሊድ ቀን አያበቃም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ በብዙ አራሶች ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ ካለፈ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ይፈልጋል። በወረርሽኙ ምክንያት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ባይ እንደ ወትሮው ቤቱን ላይሞላው ይችላል፤ አራሷ የተረሳች እንዳይመስላት ዘመድ በስልክ ይጠይቃት፤ ገንፎውንም በደጅ ያድርስላት። ቤት ያሉት ደግሞ ሕፃኑን ተቀብለው አራሷ እንድትተኛ ጊዜ ይስጧት።

እርዳታ የት ይገኛል?

የመጀመሪያዋ በር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ቀጥሎ ክትትል የሚያደርጉልዎት አዋላጅ ነርስ ወይም ሐኪም አሉ። በቀጠሮዎ ቀን የደም ግፊትዎ ሲለካ «እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ በጣም እጨነቃለሁ» ማለት አይክበድዎት። ምክር ብቻ የሚበቃዎት ከሆነ ምክር ያገኛሉ፤ ተጨማሪ ሕክምና የሚያስፈልግዎት ከሆነ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወዳለበት ሆስፒታል ይላካሉ። የአእምሮ ጤና ሕክምና በንግግር የሚሰጥ ምክርን ያጠቃልላል፤ ሁሉም ሰው መድኃኒት አይታዘዝለትም።

ማጠቃለያ

በወረርሽኝ ወቅት መጨነቅ የሰው ተፈጥሮ ነው። ጭንቀት ሲነገር ይቀላል፤ ሲደበቅ ይከብዳል። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ከባድ ጭንቀት ሕክምና አለው። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ በጭንቀት ሊሳበቡ አይገባም። በምሳሌያችን ያየናትን እናት ያተረፋት በጊዜው የቀረበላት አንድ ጥያቄ ነበር። በቤትዎም በጎረቤትዎም ያለችውን ነፍሰ ጡር ዛሬ «እንዴት አደርሽ? ምን ይሰማሻል? ቀጠሮሽ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሷንም ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

በቤተሰብ መካከል የሚደረግ ውይይት

1. በቤታችን ያለች ነፍሰ ጡር ጭንቀቷን ለማን ትናገራለች? የምትናገርለት ሰው ከሌላት ምን እናድርግ?
2. ከጭንቀት ጋር ከሚመሳሰሉት የአደጋ ምልክቶች አምስቱን ሳናነብ መጥራት እንችላለን?
3. ምጥ ዛሬ ሌሊት ቢመጣ በወሊድ ዝግጅት ዕቅዳችን ውስጥ ያልተሟላው የትኛው ነው? ማን፣ መቼ ያሟላዋል?
4. ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከነፍሰ ጡሯ ላይ የምናነሳላት አንድ የቤት ሥራ የትኛው ነው?